ወፍ የለም

«ወፍ የለም!» የአዲስ አበባ ልጅ ሁሉ ያውቃታል። ብር ልትበደር ሄደህ ባዶ እጅህን ስትመለስ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ አንድ ሰዓት ተገትረህ መኪናው ሲጠፋ፣ ላስገባኸው ማመልከቻ መልስ የሚሰጥ ሰው ስታጣ፣ ጓደኛህ «እንዴት ሆነ?» ይልሃል። «ወፍ የለም» ትለዋለህ፤ ነገሩ አለቀ። ይህችን ቃል ቀንና ሰዓት ጨምረው፣ የነፋሱን አቅጣጫ ጽፈው፣ እንደ ቁም ነገር መዝገብ ላይ የሚያሰፍሩ ሰዎች ይኖራሉ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

ባለፈው መጋቢት ሦስት ሳምንት ዌልስ ከረምኩ። እህቴ የምትኖረው ሀቨርፎርድዌስት በምትባል ትንሽ ከተማ ነው፤ ከአገሪቱ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ፔምብሮክሽር ውስጥ። የምትሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ሲሆን የዚያን ሰሞን ፈረቃዋ ሌሊት ነበር። እሷ ቀን ትተኛለች፤ እኔ ሳሎን ቁጭ ብዬ ስልኬን እየጎረጎርኩ በአገር ቤት ወሬ እበሳጫለሁ። በአራተኛው ቀን ሰለቸኋት መሰለኝ ለጎረቤቷ አሳልፋ ሰጠችኝ። ለእኔ «ጋሼ ጥሩ ሰው ናቸው፣ በወሬ አታድርቃቸው» አለችኝ።

ጋሼ የምትላቸው ሰባዎቹን ያጋመሱ፣ ጡረታ የወጡ ዌልሳዊ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። እዚያ አገር ትልቁም ትንሹም በስሙ ነው የሚጠራው። እህቴ ግን ስንት ዓመት ኖራም አባቷ የሚሆን ሰው በባዶ ስሙ መጥራት አልሆነላትም፤ ሰውዬውም ለምደውታል። እኔም በዚሁ ልቀጥል።

በማግስቱ ወፍ ሲንጫጫ ተነሳን። (ልማድ ሆኖብን እንዲህ እንላለን እንጂ ያን ቀን የሚንጫጫ ወፍ አልነበረም፤ የነበረው ዝናብ ነው።) የሄድነው ስትራምብል ሄድ ነው፤ ፊቱን ወደ አይርላንድ ያዞረ የድንጋይ አፍንጫ። ገደሉ ላይ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተሠራ የመጠበቂያ ክፍል አለ። ያኔ ጠላት ይጠበቅበት የነበረው መስኮት ዛሬ የባሕር ወፍ ይጠበቅበታል። እህቴ ጾም ስለያዘች በፔርሙስ ያለ ወተት ሻይ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦ በስልጆ ሰጥታናለች። ጋሼ ስልጆውን ቀምሰው ምንም ሳይናገሩ ባሕሩን ማየት ቀጠሉ።

ሁለት ሰዓት ተቀመጥን። ፉልማር የሚባሉ፣ ከሩቅ ሲታዩ እርግብ የሚመስሉ ግራጫ ወፎች ገደሉ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው ቦታ ይሻማሉ። ጋኔት የሚባሉ ትልልቅ ነጭ ወፎች የክንፋቸው ጫፍ ቀለም የተነከረ ይመስል ጠቁሮ በመስመር ያልፋሉ። ጋሼ አንዳንዴ «ሁለት» ወይም «ሦስት» ይላሉ እንጂ ሌላ ቃል አይወጣቸውም። እኔ ከብርዱ የተነሳ የእግሬን ጣቶች መቁጠር አቅቶኛል። በመጨረሻ ደብተራቸውን አውጥተው ጻፉ። ቀኑ፣ የጀመርንበትና የጨረስንበት ሰዓት፣ ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ፣ እይታ መካከለኛ። ቀጥለው የታዩት ወፎች ከነቁጥራቸው። ከሥር ደግሞ ዊትይር 0፣ ሳንድ ማርቲን 0፣ ስዋሎ 0።

«ያላዩትን ለምን ይጽፋሉ?» አልኳቸው።

«እዚህ መሆኔን ነው የጻፍኩት» አሉኝ። «ካልጻፍኩ፣ በኋላ የሚያነበው ሰው ወፏ አልመጣችም ነበር ወይስ እኔ አልጋዬ ላይ ነበርኩ ብሎ በምን ይለያል?»

ቀላል ነገር ነው። ግን አሥር ዓመት በሚሆነው የጋዜጠኝነት ሕይወቴ «ሄጄ ነበር፣ ምንም አላገኘሁም» ብዬ የጻፍኩት አንድ ዜና የለኝም። ሄጄ ምንም ካላገኘሁ የምመለሰው ወይ ሌላ ዜና ይዤ ነው፣ ወይ የሌላ ሰው ወሬ ይዤ ነው።

ይህ የአንድ ሽማግሌ አመል እንዳይመስላችሁ። ብሪታንያ ውስጥ የውኃ ዳር ወፎችን በወር አንድ ጊዜ በተወሰነ እሑድ የሚቆጥሩ በጎ ፈቃደኞች አሉ፤ ቆጠራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። አስተማሪው፣ ፖስተኛው፣ ጡረተኛው እያንዳንዱ የራሱ የባሕር ወሽመጥ ወይም የወንዝ አፍ አለው፤ ዘንቦም ጸሐይ ወጥቶም ሄዶ ይቆጥራል። ምንም ወፍ ካላየ «ምንም» ብሎ ይልካል። ከደሞዝ የሚቆጠር ነገር የለውም። እኔ ዌልስ በሄድኩበት ወቅት የሁሉም ዓይን ያለው ከአፍሪካ በሚመለሱት ላይ ነው። ከመጋቢት መባቻ ጀምሮ መጀመሪያ የሚደርሱት እነዚያ ጋሼ ዜሮ የሰጧቸው ናቸው። ዊትይርና ሳንድ ማርቲን ይቀድማሉ፤ ጅራቷ እንደ መቀስ የተሰነጠቀው ስዋሎ ዘግየት ትላለች፤ እሷ ከደቡብ አፍሪካ ድረስ ስለምትነሳ።

ዊትይር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ያዋረደችኝ እሷ ናትና። ከድንቢጥ ብዙም የማትበልጥ፣ ሃያ አምስት ግራም የምትመዝን ወፍ ናት። ስሟ በእንግሊዝኛ ሲሰማ ስንዴና ጆሮ ያለበት ይመስላል፤ ሁለቱም የሉበትም። የድሮ ሰዎች ያወጡላት ስም በቀጥታው «ነጭ ቂጥ» ማለት ነው፤ ቀስ በቀስ ጨዋ ተደርጎ ነው እንዲህ የሆነው። ስትበር ከጅራቷ በላይ ያለው ነጭ ቦግ ይላል። ይህች ወፍ ከአላስካ ተነስታ ምሥራቅ አፍሪካ ድረስ የምትመጣ ዘር እንዳላት ጋሼ ሲነግሩኝ እኔ ወዲያው ርእስ አወጣሁ። «ከኢትዮጵያ ተራሮች እስከ ዌልስ ገደሎች።» በልቤ ጽሑፉ አለቀ ማለት ይቻላል። እሳቸው ግን አረፍተ ነገራቸውን አልጨረሱም ነበር። «ወደኛ የሚመጡት ግን ከምዕራብ አፍሪካ ነው» አሉ።

እሺ። እሱ ቀረ።

በሁለተኛው ሳምንት እሳቸው ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ስለነበራቸው ማርሎስ ወደሚባለው የባሕር ዳር መንገድ ብቻዬን ሄድኩ። ትርፍ ባይናኩላራቸውን አውሰውኛል። ከአንድ የድንጋይ አጥር ሥር ትንሽ ወፍ ብር ብላ ተነሳች፤ ከኋላዋ ነጭ ቦግ አለ፤ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባች። ልቤ ዘለለ። ያ ሁሉ ሰው ሲጠብቃት የከረመችውን ወፍ ያየሁት እኔ ነኝ! ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ለወፍ ስልክ ደወልኩ።

«ዊትይር አየሁ!»

«ደስ ይላል። ጀርባዋ ምን ዓይነት ነበር?»

«ግራጫ።»

«ፊቷ ላይስ?»

«ከዓይኗ ላይ የሚያልፍ ጥቁር መስመር።»

«ቆማ አየሃት?»

ዝም አልኩ። ቆማ አላየኋትም። ያየሁት ስትሸሽ ነው፤ ከኋላ፣ ለአንድ ሰከንድ። ግራጫው ጀርባም ጥቁሩ መስመርም ማታ ከመጽሐፋቸው ያነበብኩት ነው። እየዋሸሁ አልነበረም፤ ይህን እንድታምኑኝ እፈልጋለሁ። ስናገረው ፊቷ በእውነት ይታየኝ ነበር።

«አንተ ራስህ ያየኸው የቱን ነው?» አሉኝ፣ ያለ ምንም ቁጣ። ተማሪ ሲጠይቁ እንደኖሩ ያስታውቃል።

«ነጩን።»

«ቡልፊንችም እንደዚያ ነጭ አለው። ቁጥቋጦ ይወዳል፤ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ነው። ዊትይር ደግሞ ስትደነግጥ ብዙ ጊዜ የምትሸሸው ወደ ገላጣ ነው።» ትንሽ ዝም ብለው «አላየህም አላልኩህም፤ ግን አልጽፈውም» አሉ።

ብርቅ ወፍ ከሆነማ ነገሩ ከዚህም ይከብዳል። በዚያ አገር አንድ ሰው ያልተለመደ ወፍ አየሁ ካለ ያየውን በዝርዝር ጽፎ ያስገባል፤ ልምድ ያላቸው ሰዎች ተቀምጠው ይመረምሩታል። ካላሳመናቸው «ውሸታም» አይሉትም፤ «አልተረጋገጠም» ብለው ይተዉታል። ወፏ እዚያ ነበረች ይሆናል፤ መዝገቡ ላይ ግን የለችም። ይህን ያህል ጥንቃቄ ለወፍ ነው እንግዲህ። መጀመሪያ ሳቄ መጥቶ ነበር።

ለእኔ ክብር ማስመለሻ ይሆን ዘንድ በሳምንቱ መጨረሻ ሴንት ዴቪድስ ሄድ ወሰዱኝ። እዚያ ያየሁት ወፍ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ቁራ ነው፣ ግን ያልተለመደ ቁራ። ሙሉ በሙሉ ጥቁር፣ ምንቃሩ ቀጭን፣ ጎበጥ ያለና ደም የመሰለ ቀይ፤ እግሩም እንዲሁ። በእንግሊዝኛ ቻፍ ይሉታል፤ በዌልስ ቋንቋ ያለው ስሙ ግን በቀጥታ «ቀይ እግር ቁራ» ነው። ጥንድ ሆነው ገደሉ ላይ በነፋሱ ይጫወታሉ፤ ክንፋቸውን አጥፈው ይወድቃሉ፣ መሬት ሊነኩ ሲሉ ይነሳሉ። ከዚያ ፈረሶች የጋጡት አጭር ሣር ላይ አርፈው በምንቃራቸው እየወጉ ነፍሳት ይለቅማሉ። ብሪታንያ ውስጥ ካሉት አብዛኞቹ የሚኖሩት በዚህ በዌልስ የባሕር ዳርቻ ነው። ከብት መጋጡን ከተወ ሣሩ ይረዝማል፤ ሣሩ ከረዘመ ቁራው የሚበላው ያጣል። ስለዚህ ወፉን ለማኖር ሲባል ፈረስ ይሰማራል።

«ይህ ያንተም አገር አለ» አሉኝ ጋሼ። «ስሜን ተራሮችና ባሌ። ከሰሃራ በታች ሌላ የትም የለም።»

እኔ ስሜን ተራሮች ሄጄ አውቃለሁ። ከደባርቅ ተነስቼ ጨነቅ ድረስ፣ ስለ ፓርኩ ረጅም ጽሑፍ ለመሥራት። ጭላዳ ዝንጀሮ አለበት፣ ዋልያ አለበት፣ ስለ ግጦሽና ስለ ነዋሪዎቹ አቤቱታ አለበት። አንዱ ንዑስ ርእስ «የወፍ በረር ቅኝት» ይላል። ወፍ ግን አንድም የለበትም። ማታ እህቴ ሥራ ከሄደች በኋላ የድሮ ፎቶዎቼን አገላበጥኩ። ከአንድ የጭላዳ መንጋ ጀርባ፣ ሰማዩ ላይ፣ ሦስት ጥቁር ነጥቦች አሉ። በማግስቱ ጠዋት ስልኬን ይዤ በራቸውን አንኳኳሁ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ምስሉን እስኪፈራርስ ድረስ አሰፉት።

«ቁራ ይሆናል» አሉ። «ሌላም ይሆናል። ጥቁር ነገር ነው።»

የመጨረሻው ሳምንት ላይ ሁለታችንም ማርሎስ ተመለስን፤ ባሕሩ ጸጥ ብሎ ነበር። ከገደሉ ጫፍ ሆኖ ለሚያይ ደሴቶቹ ይደረደራሉ። ስኮመር ቅርብ ነው፤ ስኮክሆልም በስተደቡብ ዝቅ ብሎ ተኝቷል፤ በጣም ርቆ ደግሞ ግራስሆልም። ግራስሆልም ገና ከዚያ ርቀት ግማሹ በረዶ የጣለበት ይመስላል። በረዶ አይደለም፤ ጋኔትና የጋኔት ኩስ ነው። ጋሼ ቴሌስኮፑን አስተካክለው ሰጡኝና «ድሮ ነጩ ከዚህ ይሰፋ ነበር» አሉ።

የሆነው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወፍ ጉንፋን ወረርሽኝ ደሴቱን መታ። ከወረርሽኙ በፊት ከ34 ሺህ በላይ ጎጆ የተቆጠረበት ደሴት በቀጣዩ ዓመት ሲቆጠር በግማሽ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ማንም ሰው ደሴቱ ላይ ወጥቶ ሬሳ አልቆጠረም፤ ብዙዎቹ ባሕር ላይ ነው የሞቱት። የሞቱት የታወቁት በሕይወት የነበሩት አስቀድሞ ተቆጥረው ስለነበር ነው።

ይህን ነገር ደጋግሜ አሰብኩበት። እኛ ቆጠራ ትዝ የሚለን ሰው ሲሞት ነው። ከሞተ በኋላ ስንት ሞተ ብለን እንጣላለን፤ በሕይወት እያለ ግን ስንት እንደነበረ በእርግጠኝነት የሚናገር የለም። ሕገ መንግሥቱ በየአሥር ዓመቱ የሕዝብ ቆጠራ ይደረግ ይላል፤ የመጨረሻው የተደረገው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ የታቀደው ሲራዘም፣ ሲራዘም የዚያን ጊዜ የተወለደው ልጅ ዛሬ ለአቅመ አዳም ደርሷል። ስኮመር ደሴት ላይ እ.ኤ.አ. በ2025 የጸደይ መግቢያ ላይ የተቆጠረው ፓፊን የሚባለው ወፍ ብዛት 43,626 ነው። አርባ ሦስት ሺህ ምናምን አይደለም። ከስድስቱ ጋር።

እዚሁ አካባቢ ሌላም ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1996 ሲ ኢምፕረስ የምትባል ነዳጅ ጫኝ መርከብ ሚልፎርድ ሄቨን ወደብ መግቢያ ላይ ከድንጋይ ጋር ተላተመች። በሳምንት ውስጥ 72 ሺህ ቶን ያህል ድፍድፍ ነዳጅ ባሕር ገባ። ጋሼ ያኔ የሚያስተምሩበት ክፍል ድረስ ሽታው ይመጣ እንደነበር ነገሩኝ። ከሁሉ የተጎዳው ስኮተር የሚባል ጥቁር የባሕር ዳክዬ ነው፤ ክረምቱን ካርማርደን የባሕር ወሽመጥ ላይ በብዙ ሺህ ሆኖ ያሳልፋል። ማንም የማያስተውለው ወፍ ነው። አያምርም፣ ከዳርቻው ይርቃል፣ ማዕበል ላይ እንደ ተበተነ በርበሬ ቁንዶ ነው የሚታየው። ግን ከአደጋው በፊት በብርድ ቆመው የቆጠሩት ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ከአደጋው በኋላ «ብዙ ወፍ አለቀ» ተብሎ አልቀረም፤ ስንት ጎደለ፣ የት ጎደለ፣ በስንት ዓመቱ ተመለሰ ማለት ተቻለ። እ.ኤ.አ. በ2003 ያ ወሽመጥ ለዚሁ ዳክዬ ሲባል በሕግ የተጠበቀ የባሕር ክልል ሆነ። የክርክሩ ጉልበት የመጣው ከዚያ አሰልቺ ደብተር ነው።

ስለ ስኮክሆልምም አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ጋሼ ሲያወሩት ዓይናቸው ስለሚበራ። እ.ኤ.አ. በ1952 ሺርዋተር የሚባል የባሕር ወፍ ከደሴቱ ተይዞ በአውሮፕላን አሜሪካ፣ ቦስተን ተወሰደና ተለቀቀ። አትላንቲክን አቋርጦ በአሥራ ሁለት ቀን ተኩል ጎጆው ተገኘ። መለቀቁን የሚያበስረው ደብዳቤ ገና አልደረሰም ነበር። እንዴት ያው ወፍ መሆኑ ታወቀ? እግሩ ላይ ያለውን ቀለበት ቁጥር ሰው በእጁ ይዞ አንብቦት። «ዜናው ከወሬው ቀደመ» አልኩ፤ በእንግሊዝኛ ስተረጉምላቸው ግን ቀልዱ ሞተ።

አሁን ወደማልወደው ነገር ልግባ። «አንተ ራስህ ያየኸው የቱን ነው?» የሚለው ጥያቄ ከዚያች የስልክ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር። ወፏን አስቤ አይደለም።

በጦርነቱ ዓመታት አንድ ዜና ሠርቻለሁ። ቦታውን አልጠራም፤ ከጠራሁት ይህ ጽሑፍ ሌላ ጽሑፍ ይሆናል፣ አስተያየት መስጫውም የተለመደው የጦር ሜዳ ይሆናል። አንድ ወረዳ ውስጥ ሰዎች መገደላቸውን ሰማሁ። መንገዱ ዝግ ነው፤ እኔ አዲስ አበባ ነኝ። ስልክ አልፎ አልፎ ይሠራል። ሁለት ሰዎች አገኘሁ፤ ሁለቱም ያው ቁጥር ነገሩኝ። ሁለት ምንጭ፣ አንድ ቁጥር፤ ትምህርት ቤት የተማርነው ይህንኑ አይደል? «የዓይን እማኞች እንደተናገሩት» ብዬ ጻፍኩ። ዜናው ወጣ። ቁጥሩ በማግስቱ የእኔ መሆኑ ቀረ። በሰልፍ ወረቀት ላይ አየሁት፣ በመግለጫ ላይ ሰማሁት፣ ሌላው ወገን ደግሞ «ፈጠራ ነው» ብሎ ሲያስተባብልም ያንኑ ቁጥር ይዞ ነው።

ከወራት በኋላ ከሁለቱ አንዱ አዲስ አበባ መጥቶ ቡና ጠጣን። በጨዋታ መካከል ቁጥሩን ከማን እንደሰማ ነገረኝ። ከሁለተኛው ምንጬ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከቀበሌ ሰው። እኔ አይታችኋል ወይ ብዬ አልጠየቅኩም ነበር። እነሱም አይተናል አላሉኝም። «የዓይን እማኞች» የምትለዋን ያመጣኋት እኔ ነኝ፤ ልክ እንደ ጥቁሩ የፊት መስመር። በጊዜው ላርመው አሰብኩ፤ ከዚያ «አሁን ባርመው ለማን ጥቅም ይውላል?» አልኩ። ከዚያ ዝም አልኩ። ቁጥሩን እዚህ አልደግመውም፤ መድገሙ እንደገና መበተን ነው።

አንዳንዶቻችሁ ምን እንደምትሉ አውቃለሁ። ሰው እያለቀ ቁጥር ማጣራት ቅንጦት ነው፤ መንገድ ተዘግቶ፣ ስልክ ተቆርጦ፣ ገዳይ ራሱ ማስረጃ እያጠፋ ጋዜጠኛን በወፍ ተመልካች ሚዛን መመዘን ግፍ ነው። እውነት አለበት። ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል፤ እኔም ከጋሼ መስኮት ሆኜ አልነበረም የጻፍኩት። ግን መንገዱ መዘጋቱ አንድ ነገር ነው፣ «አይተሃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ሌላ ነው። ጥያቄው መንገድ አይፈልግም። ያልጠየቅኩት መልሱን ፈርቼ ነው፤ «አላየሁም» ካሉኝ ዜናው ይፈርሳል።

ልመለስ ሦስት ቀን ሲቀረኝ፣ ከሰዓት በኋላ፣ እህቴ ተኝታ ሳለ ኩሽና ውስጥ ቆሜ ሁለተኛው ሰው ጋ ደወልኩ። ገበሬ ነው፤ አሁን ወደ ቀዬው ተመልሷል። አስታወሰኝ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ብዙ ካወራን በኋላ ጠየቅኩት።

«ወንድሜ፣ ያኔ የነገርከኝን ሰዎች አንተ በዓይንህ አይተሃቸው ነው?»

ረጅም ጊዜ ዝም አለ። መስመሩ የተቆረጠ መሰለኝ።

«ሁሉንም አላየሁም» አለ። «ስድስት ቀብሬአለሁ። በእጄ። እነሱን ልንገርህ?»

ንገረኝ አልኩት። የእህቴን የገበያ ዝርዝር ወረቀት ገልብጬ ጻፍኩ። ስም፣ የአባት ስም፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ የት እንደተገኘ። አንዱ የአጎቱ ልጅ ነው። አንዷ ስሟን ሳይሆን «የእገሌ ሚስት» የሚለውን ብቻ ያውቃል፤ እንደዚያው ጻፍኩት። ስምንት ደቂቃ ያህል ፈጀ።

ሲጨርስ «ያን ጊዜ ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«የጠየቅከኝ ስንት ብለህ ነው» አለኝ።

ስሞቹን እዚህ አላወጣም፤ ቤተሰቦቻቸውን ማግኘትና መጠየቅ ይቀረኛል። ያን ዜና የሠራሁበት ቦታ ግን ጽፌላቸዋለሁ። «በዓይን እማኞች» የሚለው ስህተት ነው፣ ስህተቱ የእኔ ነው፣ አንድ ሰው ስድስት ሰዎች መቅበሩን ነግሮኛል፣ ከዚያ በላይ ያለው አልተረጋገጠም ብያለሁ። «አልተገደሉም» አላልኩም። ያን ወይም ይህን ለማለት የሚፈልግ ሰው ከጽሑፌ ቀንጭቦ እንደሚወስድ አውቃለሁ፤ ለዚህ መድኃኒት የለኝም። ቡና ያጠጣኝን የመጀመሪያውን ምንጭ ደግሞ አራት ጊዜ ደውዬለት አላገኘሁትም። ቀኑንና ሰዓቱን ጽፌ ከሥሩ «ወፍ የለም» ብያለሁ።

አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ ከጋሼ መልእክት ደረሰኝ። የመጀመሪያዋ ስዋሎ ስትራምብል ሄድ ላይ ታይታለች፤ አንዲት፣ ከባሕር በኩል ዝቅ ብላ ገብታ፣ ሽቦ ላይ ለሁለት ደቂቃ አርፋ። ነፋሱ ደቡብ። ዊትይሮቹም ገብተዋል፤ የመጀመሪያዋን ያዩበትን ቀን ነገሩኝ፤ እኔ ማርሎስ ከደወልኩላቸው አራት ቀን በኋላ ነው። «ያንተዋን ግን አሁንም አልጻፍኳትም» ይላል መልእክቱ። ቀጥሎ እህቴ ያን ቢጫ ነገር ከዳቦ ጋር ደግማ እንደሰጠቻቸውና ስሙ እንዴት እንደሚጻፍ ጠይቀውኛል።